ሁሉም ግራጫ ቆሻሻ አይደለም

በቪዲዮ ሥራ ውስጥ ተመልካች ፈጽሞ የማያየው፣ ሠሪው ግን ለሰዓታት የሚያፈጥበት አንድ ምስል አለ። በጥቁርና በነጭ የተሠራ ነው፤ በሙያው ቋንቋ «ማት» ይባላል። አንድ ሰው በአረንጓዴ ጨርቅ ፊት ተቀርጾ አረንጓዴው ሲወጣና በምትኩ ሌላ ሥፍራ ሲገባ፣ ኮምፒውተሩ ምኑን አስቀርቶ ምኑን እንደሚያወጣ የሚያውቀው ከዚህ ምስል ነው። ነጭ የሆነው ይቀራል። ጥቁር የሆነው ይወጣል። በመካከል ያለው ግራጫ ደግሞ እንደ መጠኑ ያሳልፋል፤ መሐከለኛ ግራጫ በሆነ ቦታ ላይ ከፊት ያለውም ከኋላ ያለውም እኩል በእኩል ይታያሉ።

በጌታ የተወደዳችሁ ወገኖች፣ ዛሬ ላካፍላችሁ የወደድሁት ስለዚሁ ግራጫ ነው። በየአጥቢያችሁ በሚዲያ ክፍል የምታገለግሉ ሥራውን ታውቁታላችሁ። ካሜራ ነክታችሁ የማታውቁ ደግሞ ጥቂት ታገሡኝ፤ ነገሩ ወደ ሁላችንም ይመጣል።

በተለመደው የስምንት ቢት አሠራር እያንዳንዷ የማት ነጥብ ከ0 እስከ 255 ያለ ቁጥር ትይዛለች። 0 ድፍን ጥቁር፣ 255 ድፍን ነጭ ነው። ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ቀጥሎ ይህን ቁጥር የሚሸከመው አራተኛው ቻናል «አልፋ» ይባላል። የአማኝ ጆሮ ይህን ሲሰማ ወዲያው «አልፋና ዖሜጋ» ይላል፤ ስሙ ግን የመጣው ከሒሳብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ኤድ ካትሙልና አልቪ ሬይ ስሚዝ በኒው ዮርክ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሲሠሩ ይህን ቻናል አስተዋወቁ። ሁለት ምስሎች በምን ያህል መጠን እንደሚቀላቀሉ የሚወስነው ቁጥር በግሪኩ ፊደል አልፋ ይጻፍ ስለነበር ስሙ በዚያው ጸና።

ጥያቄው ግን ከኮምፒውተር በፊትም ነበረ። ፔትሮ ቭላሆስ የተባለው መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1959 ለወጣው «ቤን ኸር» ፊልም ሰማያዊ ጀርባን የሚያወጣ የተሻለ ዘዴ ሠርቷል። ድፍን ነገርን ከጀርባው መለየት ያን ያህል አስቸጋሪ አልነበረም። ሰዎቹን ያስቸገራቸው ፀጉር፣ ጭስ፣ መስታወት፣ ሲንቀሳቀስ የሚደበዝዝ እጅ ነበር። የዚህ ሙያ ታሪክ በከፊል ብቻ የሚታየውን ነገር ሳያጠፉ የማቆየት ታሪክ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እኛ ግን የምንሠራው በትልቅ ስቱዲዮ አይደለም። ጨርቁ ይጨማደዳል፤ መብራቱ አንዱ ጋ በርትቶ ሌላው ጋ ይደክማል። ብዙዎቹ ካሜራዎቻችንም ፋይሉን ለማሳነስ ሲሉ ለአራት ነጥቦች አንድ የቀለም መረጃ ብቻ ያስቀምጣሉ፤ ስለዚህ የቀለሙ ጠርዝ ሻካራ ይሆናል። ውጤቱ ያልጠራ ማት ነው። ጥቁር መሆን የሚገባው ጀርባ 5፣ 9፣ 14 እየሆነ፣ ቪዲዮው ሲሄድ እንደ ጉንዳን ይርመሰመሳል። ነጭ መሆን የሚገባው አካል ላይ ደግሞ ቀዳዳ ይወጣል።

ሶፍትዌሮቹ ለዚህ ፈጣን መድኃኒት አላቸው። በአፍተር ኢፌክትስ ውስጥ ያለው ኪላይት «ክሊፕ ብላክ» እና «ክሊፕ ዋይት» የሚባሉ ሁለት መቆጣጠሪያዎች አሉት። የመጀመሪያው ከተወሰነ ቁጥር በታች ያለውን ሁሉ ጥቁር ያደርጋል፤ ሁለተኛው ከተወሰነ ቁጥር በላይ ያለውን ሁሉ ነጭ ያደርጋል። ሁለቱን ወደ መካከል ስታቀራርቧቸው ግራጫው ይጠፋል። ማቱ በአንድ ሰከንድ ጥርት ይላል፤ ለዓይንም ደስ ያሰኛል። ፈተናው ያለው እዚያ ላይ ነው።

የእማማ ነጠላ

ቤተ ክርስቲያናችን በዕድሜ የገፉ አባቶችና እናቶች ምስክርነት እንዳይጠፋ ማስቀረጽ ከጀመረች ጥቂት ዓመታት ሆኗታል። ከተቀረጹት መካከል ሁላችንም «እማማ» ብቻ ብለን የምንጠራቸው እናት ነበሩ። በትንሹ አዳራሽ ግድግዳ ላይ አረንጓዴ ጨርቅ ሰቅለን፣ ወንበር ላይ አስቀመጥናቸው፤ አርባ ደቂቃ ያህል ተናገሩ። ከሁለት ወር በኋላ ወደ ጌታ ሄዱ። ዳግመኛ መቅረጽ የሚባል ነገር ቀረ።

በደርግ ዘመን ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ሲዘጉ ቅዱሳን በየቤቱ ተደብቀው ይሰበሰቡ ነበር። የእማማ አንድ ክፍል ቤት ከእነዚያ ቤቶች አንዱ ነበር። በሩ በጠራራ ፀሐይ ቢዘጋ ጎረቤት ይጠረጥራል፤ ቢከፈት መንገደኛ ያያል። እርሳቸውም ጥጡን ራሳቸው ፈትለው ያሠሩትን ነጠላ በሩ ላይ እንደ መጋረጃ ይሰቅሉት ነበር። ይህን ሲናገሩ ከትከሻቸው ላይ ያለውን ነጠላ አውርደው በሁለት እጃቸው ዘረጉት። «እኛ ከውስጥ ሆነን መንገዱን እናያለን፤ እነሱ ግን እኛን አያዩንም። የቀበሌ ሰው ብቅ ሲል አይተን ዝም እንላለን» አሉ። እውነታቸውን ነው። ስስ ጨርቅ ጨለም ባለ ቤት ውስጥ ላለ ሰው የደጁን ብርሃን ያሳልፍለታል፤ ብርሃን ላይ ለቆመው ግን ነጭ ሆኖ ይታየዋል። ያ ጉባኤ የተጠበቀው ነጠላው ስስ በመሆኑ ነበር።

ቪዲዮውን በመታሰቢያው ፕሮግራም ላይ ለማሳየት ታሰበ። ከጀርባቸው የድሮ ሰፈር መንገድ ፎቶ እንዲገባ ተወሰነ። ልጃቸው የሚኖረው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ከተወ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። የእናቱን ቪዲዮ እያዘጋጀን መሆኑን ሲሰማ ደውሎ «አደራ፣ እናቴን እንዳትቀይሩብኝ» አለኝ።

የመጀመሪያውን ቅንብር የሠራው ከቡድናችን አንድ ትጉህ ወጣት ወንድም ነበር። ቀኑ ደርሶ ስለነበር ሁለቱን መቆጣጠሪያዎች አቀራርቦ ማቱን አጠራው። ለልጃቸው ተላከለት። የመለሰው መልእክት አጭር ነበር፦ «ይሄ የእማዬ ነጠላ አይደለም። ጄሶ ነው የሚመስለው። የእማዬ ነጠላ ያሳያል።»

ልክ ነበር። ነጠላው ድፍን ሆኗል። ከግንባራቸው በላይ የተበተኑት ሽበቶች በመቀስ የተከረከሙ ይመስላሉ። ከሁሉ የከፋው ግን ምስክርነታቸው ነው። አፋቸው «እናያለን» ይላል፤ በእጃቸው የተዘረጋው ነጠላ ግን ምንም አያሳይም። ማቱ ንጹሕ ሆኖ እናታችንን ሐሰተኛ ምስክር አደረጋቸው።

ሦስት ዓይነት ግራጫ

ሥራው ወደ እኔ ሲመጣ መቆጣጠሪያዎቹን ወደ መነሻቸው መልሼ ጥሬውን ማት ተመለከትሁ። በውስጡ ሦስት ዓይነት ግራጫ ነበረ። ለዓይን አንድ ናቸው፤ በቁጥርም አንዳንዴ እኩል ይሆናሉ። የመጡበት ምክንያት ግን ለየቅል ነው።

የመጀመሪያው ቆሻሻ ነው። በጨርቁ ጥግ ላይ ያለ የጭምዳዴ ጥላ፣ መብራት ያልደረሰበት ማዕዘን፣ የካሜራው ነጥብጣብ። ከእማማ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ይህንን ለማውጣት እርሳቸውን የሚነካ መቆጣጠሪያ አያስፈልግም። በዙሪያቸው ሰፋ አድርጎ፣ ለተዘረጉት እጆቻቸውም ቦታ ትቶ፣ ሻካራ ማስክ መሳል ይበቃል። ከመስመሩ ውጪ ያለው ሁሉ ይወጣል፤ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። አብዛኛው ቆሻሻ በዚህ ያልቃል። አጠገባቸው ለሚቀረው ነጥብጣብ ከቪዲዮው አንድ ቅጂ ወስዶ ነጥብጣቡን መቀነስና ማቱን ከዚያ ቅጂ ማውጣት ይቻላል፤ የሚታየው ምስል ግን ዋናው ሆኖ ይቀራል። ከዚያ በኋላ «ክሊፕ ብላክ» በጥቂቱ ቢነካ አይጎዳም።

ሁለተኛው ቀዳዳ ነው። የእማማ ነጠላ ጥለት አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ነበር። ሶፍትዌሩ አረንጓዴ አውጣ ተብሏል እንጂ የጥለትን ክር ከግድግዳ ጨርቅ ለይ አልተባለም። ስለዚህ አረንጓዴው ክር ባለበት ሁሉ ማቱ ተበስቶ፣ የኋላው መንገድ በጥለቱ ውስጥ ብቅ ይል ነበር። ክሩ የነጠላው አካል ነው፤ የጠፋውም ቀለሙ ጀርባውን ስለመሰለ ብቻ ነው። የዚህ መድኃኒቱ ጥለቱ ላይ ሌላ ማስክ ሠርቶ «ይህ የእርሳቸው ነው፣ አይወጣም» ማለት ነው። ነጠላው ግን ይንቀሳቀሳል፣ ይታጠፋል። በሰከንድ 25 ፍሬም ሲሆን፣ ነጠላው የተዘረጋበት አርባ ሰከንድ አንድ ሺህ ፍሬም ነው። ኮምፒውተሩ እንቅስቃሴውን ቢከተልም በታጠፈበት ሁሉ ይስታል፤ በእጅ መመለስ ግድ ይላል። ሁለት ሌሊት ፈጀ።

ሦስተኛው እውነተኛው ግራጫ ነው። የተበተነ ሽበት፣ ሲወዛወዝ የደበዘዘ የጣት ጠርዝ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ያ የተዘረጋ ነጠላ። በነጠላው ላይ ማቱ ከሞላ ጎደል በ120 እና በ180 መካከል ይዋልል ነበር። ይህ ጉድለት አይደለም። በካሜራው ፊት የነበረው ነገር ራሱ እንዲህ ነበር፦ ክርም አለ፣ በክርና በክር መካከል ክፍተትም አለ። ይህን 255 ማድረግ ማጽዳት ሳይሆን መዋሸት ነው። የሚደረግለት አንድ ነገር ቢኖር ቀለሙን ማስተካከል ነው። ጨርቁ ነጠላውን አረንጓዴማ አድርጎት ስለነበር፣ የአረንጓዴው መጠን ከቀዩና ከሰማያዊው አማካይ እንዳይበልጥ ገደብ ይደረግለታል፤ ጥለቱን ግን በዚያው ማስክ ከገደቡ ማውጣት ያስፈልጋል፤ አለዚያ የራሱን አረንጓዴ ያጣል። የተበከለው ቀለም ይጸዳል፤ ስስነቱ ግን አይነካም።

ታዲያ አንዱን ከሌላው በምን እንለያለን? ሦስት ነገር አደርጋለሁ። ከኋላ በየተራ ደማቅ ቀይ፣ ግራጫ፣ በመጨረሻም እውነተኛውን ሥፍራ አስገባለሁ፤ በአንዱ ጀርባ የተሸሸገ በሌላው ይገለጣል። ቪዲዮውን አስኬደዋለሁ፤ ቆሻሻ በየፍሬሙ ይርመሰመሳል፣ እውነተኛ ጠርዝ ግን ከሰውየው ጋር አብሮ ይሄዳል። ከሁሉ በፊት ግን ወደ ጥሬው ቪዲዮ ተመልሼ «በዚህ ቦታ ላይ በእርግጥ የነበረው ምንድን ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። ማቱን ብቻ ያየ ሰው ቁጥር ነው የሚያየው፤ ጥሬውን ያየ ግን እማማን ያያል።

የባሪያዎቹ ችኮላ

በእነዚያ ሌሊቶች በልቤ ሲመላለስ የነበረው በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ያለው የእንክርዳዱ ምሳሌ ነው። ባሪያዎቹ በእርሻው ላይ እንክርዳድ ባዩ ጊዜ ሄደው ሊነቅሉት ፈለጉ። ክፉ ሐሳብ አልነበራቸውም፤ ለጌታቸው እርሻ ቀንተው ነው። የቤቱ ባለቤት የከለከላቸው እንክርዳዱ መልካም ስለሆነ አይደለም። አብረው ስንዴውን እንዳይነቅሉ ነው የፈራው። ባሪያዎቹ ያዩት እንክርዳዱን ነበር፤ ባለቤቱ ያየው ሥሩን ነው።

ጌታ ራሱ ሲተረጉመው እርሻው ዓለም እንደሆነ ተናግሯል፤ ስለዚህ ምሳሌውን በቤተ ክርስቲያን ኃጢአት አይገሠጽ ለማለት አንጠቀምበትም። የሚገሠጽ ነገር አለ። ሐሜት ቆሻሻ ነው፤ በአገልግሎት ስም የሚመዘበር ገንዘብ ቆሻሻ ነው፤ ደካማውን መጨቆን ቆሻሻ ነው። ለእንዲህ ያለው መስመር ማስመር ይገባል፤ ስሙን ጠርቶ ማውጣትም ይገባል። የማስተውለው ሌላ ነገር ነው፦ አንዲቷን መቆጣጠሪያ ይዘን ሁሉን በእርሷ ልናጠራ ስንሞክር ምን እንደሚጠፋ ነው።

በመካከላችን ቀዳዳ የሚመስሉ ወገኖች አሉ። ልጇን የቀበረች እህት ለወራት አትዘምርም፤ እጇን አታነሣም። ሥራ ያጣ ወንድም የኅብረት ቀን ይቀራል፤ ሲመጣም ከኋላ ተቀምጦ ከቡራኬው በፊት ይወጣል። ከሩቅ ሲታዩ ቀለማቸው የዓለምን ይመስላል። የእኛው ጥለት ግን ናቸው። እነዚህን በአንድ ስብከት መሸፈን አይቻልም። ነጠላው በታጠፈ ቁጥር አብሮ መታጠፍን፣ ፍሬም በፍሬም መከተልን ይፈልጋሉ። ስልክ መደወል፣ ቤታቸው ሄዶ ቡና መጠጣት፣ ዝም ብሎ አብሮ መቀመጥ። ሁለት ሌሊት ሳይሆን ሁለት ዓመት ሊፈጅ ይችላል።

እውነተኛ ግራጫ የሆኑም አሉ። ገና እየፈለጉ ያሉ፣ ግማሹን አምነው ግማሹን የሚጠይቁ። በእነርሱ ላይ በሁለት በኩል እንቸኩላለን። አንዳንዴ «ይህስ የእኛ አይደለም» ብለን ወደ ጥቁር እንገፋቸዋለን። አንዳንዴ ደግሞ በአንድ ምሽት እጅ አስነሥተን፣ ስም መዝግበን፣ ድፍን ነጭ እናደርጋቸዋለን። ሪፖርቱ ያምራል። ሰውየው ግን ባልደረሰበት ቦታ ቆሞ ይቀራል፤ አፉ አንድ ነገር እየተናገረ ሕይወቱ ሌላ ያሳያል። እርሱንም እንደ እማማ ሐሰተኛ ምስክር እናደርገዋለን።

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 8 በቤተ ሳይዳ የነበረው ዕውር ትዝ ይለኛል። ጌታ በመጀመሪያ ሲዳስሰው በደንብ አላየም፤ ሰዎች የሚንቀሳቀሱ ዛፎች መሰሉት። ጌታ ምን እንደሚያይ ጠየቀው፤ ሰውየውም ያየውን ያህል ብቻ ተናገረ። «ጥርት አድርጌ አየሁ» እንዲል አላስገደደውም፤ «አላየህምና ሂድ» ብሎም አልገፋውም። ዳግመኛ እጁን ጫነበት። በመጀመሪያውና በሁለተኛው መዳሰስ መካከል ያለችው ያች ጥቂት ጊዜ ስንቱን ወገኔን እንደያዘች ሳስብ ልቤ ይነካል። ሰውየው በዚያች ጊዜ በጌታ እጅ ውስጥ ነበር።

ልጃቸው የተስተካከለውን ቪዲዮ ካየ በኋላ ደወለ። ለጥቂት ጊዜ ምንም አልተናገረም። ከዚያ «አሁን መንገዱ ይታያል» አለ። የመታሰቢያውን ፕሮግራም ከዚያው ሆኖ በኢንተርኔት ተከታተለ። ቤተ ክርስቲያን ዛሬም አይሄድም። አንዳንድ እሑድ ማታ ግን ይደውላል፤ ስለ እናቱ እናወራለን፤ አልፎ አልፎ ጥያቄ ይጠይቃል። እኔም የማውቀውን ያህል እመልሳለሁ። ለእርሱ ከ0 እስከ 255 ቁጥር መስጠት የእኔ ሥራ አይደለም።

ይህን የምታነብ፣ ገና በመፈለግ ላይ ያለህ ወዳጄ፤ ይህን የምታነቢ፣ በሩ ላይ የቆምሽ እህቴ፤ ያላያችሁትን አየን እንድትሉ ማንም አያስገድዳችሁ። ያያችሁትን ያህል ለጌታ ንገሩት። እርሱ ዳግመኛ እጁን የሚጭን ነው።

በቤቱ ያለንም በዚህ ሳምንት አንድ ሰው ወደ አእምሯችን እናምጣ፤ በልባችን ያወጣነውን ወይም ድፍን አድርገን የቆጠርነውን። ስሙን ይዘን እንጸልይ፤ ከዚያም ስለ እርሱ የተወራውን ሳይሆን ራሱን ሰውየውን ሄደን እንየው። ጌታ የምናወጣውን፣ የምንሞላውንና የምንታገሠውን የምንለይበት ዓይን ይስጠን። ጸጋ ይብዛላችሁ።